አንገቴን የደፋሁበት ጧት

ጣልያን ጎንደርን በያዘ ጊዜ እኔ ገና ያላገባሁ ዲያቆን ነበርሁ። አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ባሏ ጣልያንን ሊወጋ አርማጭሆ ዱር ገብቶባት ብቻዋን የቀረች ሴት ናት። መልኳን አልዘረዝርም፤ ያኔ በልቤ ስዘረዝር ከርሜያለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ እሷ ቤት ነው። በዚህ ልብ መቅደስ መግባቴ አስፈራኝና ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። «ሐሳቡ ሲመጣብህ አትሟገተው፤ በሙግት አትችለውም። ወደ ልብህ ተመለስና ከትንፋሽህ ጋር ‹እግዚኦ መሐረኒ› በል። እሷም እንዳንተው የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኗን አትርሳ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ጭንቅ ነበር፤ ኋላ ግን ቀስ በቀስ ልቤ ረጋ ማለት ጀመረ። ምን ያደርጋል፣ እኔ ችኩል ነኝ፤ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አልወድም። በጸሎቱ ላይ የራሴን ሕግ ጨመርሁበት፦ ላላያት፣ ላላናግራት፣ ድምጿን ስሰማ መንገድ ልቀይር። ሰው «እንዴት ያለ ጨዋ ዲያቆን ነው!» ሲለኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

አንድ ጧት ከቅዳሴ ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቃ ከፊቴ ቆመች። አንገቴን ደፋሁ።

«ዲያቆን፣ ከሱ ዘንድ ደብዳቤ መጣልኝ» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። ካንተ በቀር ማንን አምናለሁ? እባክህ አንብብልኝ።»

ላንብብላት ብል አጠገቤ ልትቀመጥ ነው። በልቤ እግዚኦ፣ እግዚኦ እያልሁ «ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኋት።

«ምነው? ምን በደልሁህ? ቀና ብለህ እንኳ አታየኝም?»

ጥያት አለፍሁ። ቤቴ ስደርስ ፈተናውን ድል ነሳሁ ብዬ ሰገድሁ። ሞኝነቴ እስከዚህ ነበር።

ሁለት ቀን ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ገበያ ዳር ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ወስዳ ሰጠችው። ሰውዬው ለጣልያን ያደረ መሆኑን በምን ታውቅ? ደብዳቤው ባሏ የተደበቀበትን መንደር ይናገር ነበር። በማግስቱ ወታደሮች መጥተው «መንገዱን ምሪን» አሏት። አልመራም ስትል እያዳፉ ማኪና ላይ ጫኗት። እኔ አጥሬ ሥር ቆሜ አያለሁ። እሷ ወደኔ አልዞረችም። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አለቀሱ። «ልጄ፣ ልብህን ጠብቅ አልሁህ እንጂ ሰው ጥለህ እለፍ አልሁህ?» እንባቸውን ጠረጉና «በል እንግዲህ፣ በክርስትና ስሟ ጸልይላት» አሉኝ።

ክርስትና ስሟን አላውቀውም። ያን ያህል ጊዜ አጥር ለአጥር ስንኖር ጠይቄያት አላውቅም፤ የሚነግረኝ ዘመድም አልቀረ። ያ ምኞት ዳግመኛ አልመጣብኝም፤ የለቀቀኝ በእሷ መጥፋት ከሆነ ምነው ባልለቀቀኝ እላለሁ። ዛሬ አርጅቼም ለጸሎት ስቆም «ያችን ጎረቤቴን አስባት» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ መቀጠል ያቅተኛል።