ማርሊስ ባሕር ያየችበት ሳምንት

ማርሊስ ቶለፍሰን በሰሜን ሚኒሶታ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሞተሩን ታሞቃለች፣ የመስታወቱን በረዶ ትፍቃለች፣ ከዚያ ከመንደር መንደር ልጆቹን ትለቅማለች። ልጆቹን በስማቸው ብቻ ሳይሆን በቦት ጫማቸው ትለያቸዋለች። የማን ቦት እንደ ጠበበ፣ የማን ካፖርት እንደ ሳሳ አይታ ለቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ሹክ ትላለች፤ በሳምንቱ አዲስ ካፖርት ማን እንዳስቀመጠው ሳይታወቅ የልጁ ቤት ደጃፍ ላይ ይገኛል። ኖራ ኖራ ያልሆነላት ነገር ቢኖር ባሕር ማየት ነበር።

ስለዚህ ባሏ ቨርሊን፣ ከወንበሩ መነሣት ሞቱ የሆነው ቨርሊን፣ የተጋቡበትን ሠላሳ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለትምህርት ቤቱ እረፍት በሃዋይ ወዳለችው ካዋይ ደሴት የሚወስድ ቲኬት ሲሰጣት፣ በቤተ ክርስቲያን ቆማ በጉባኤው ፊት አመሰገነች። አገሩ መተቃቀፍ የማይወድ አገር ነው፤ እጅ መጨባበጥ ይበቃል። የዚያን እሁድ ግን አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻዋን ይዘው ቆዩ። ፓስተሩ ሳይቀሩ። እንዴት ቢወዱኝ ነው፣ ብላ ነበር።

ካዋይ ደርሰው፣ ስድስት ቀን በየጥዋቱ በባዶ እግሯ የባሕሩ አሸዋ ላይ ቆማ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሰባተኛው የመመለሻቸው ቀን ነበር።

የዚያን ቀን ቨርሊን የተከራዩትን ቤት ማቀዝቀዣ ባዶ ሊያደርግ ቆርጦ ተነሥቷል። ምግብ መጣል ኃጢአት ነው ብሎ ሦስት እንቁላል፣ የታሸገ ሥጋና የትናንቱን ሩዝ አንድ ላይ ይጠብሳል። በረንዳው ላይ የሰፈሩ ዶሮዎች ይርመሰመሳሉ። «ዘመዶቻችሁን እየጠበስኩ ነው፣ ዞር በሉ!» ይላቸዋል። ማርሊስ እየሳቀች ግማሽ ፓፓያ ስትቆርጥ ስልኳ ጮኸ።

መልእክቱ የአርዲስ ነው። አርዲስ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የምትመራው እሷ ናት። ስጦታ ተቀብላ ሳታመሰግን ካደረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ማርሊስ በገና ለላከችላት ካርድ እንኳ ማመስገኛ ካርድ የምትልክ ሴት ናት።

«ማርሊስ እህቴ፣» ይላል መልእክቱ፣ «የኬርቲስን ዕቃ በሙሉ ስለሰጣችሁን ጌታ ይስጥልን። ያቺ ሰማያዊ የሆኪ ጃኬት ገና ጠረጴዛ ሳትነካ ነው የሄደችው። ባንቺ አውቶቡስ የምትሳፈረው ረጅሟ ብሪየል ለበሰቻት፤ አላወልቅም አለች። አንቺ ነሽ ካፖርቷ አልቋል ያልሽን። አይዞሽ።»

ኬርቲስ ልጃቸው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በበረዶ ሞተር የረጋውን ሐይቅ ሲያቋርጥ በረዶው ከዳውና ሰጠመ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ክፍሉን ከዚያ ወዲህ ማርሊስ ብቻ ትገባበታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ጠርጋ፣ ምንም ሳታነሣ፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች።

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቨርሊን።»

«እ?»

«አርዲስ ታመሰግነናለች።»

«ስለ ምን?»

«አንተ ንገረኛ።»

እንቁላል መገልበጫው እጁ ላይ ቀረ። ዞር ብሎ አላያትም። «አደራ አፍሽን ዝጊ ብለናት ነበር እኮ» አለ፣ ለምጣዱ የሚናገር ይመስል። ለአርዲስ ማመስገን እንደ ወሬ እንደማይቆጠር ዘንግተውታል።

«ማንና ማን ናችሁ ያላችኋት?»

«ጃኔል ናት ያሰበችው።»

«በልጅህ ታሳብባለህ?»

«እኔም ተስማምቻለሁ።» ምድጃውን አጠፋ። «ስድስት ዓመት ነው ማርሊስ። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው የማልፈው።»

«አፍ አልነበረህም?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«ይኸው!»

«ይኸው ምን? እሺ እንደማልል ስለምታውቅ ባሕር አሳየኸኝ! መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ከረሜላ ሰጠኸኝ!»

ልጇ ጃኔል ጋ ደወለች። ጃኔል ገና «እማ» እንዳለች ማልቀስ ጀመረች። «ለአንቺ ብለን ነው እማ። ፓስተሩም ቀስ በቀስ ይሻላታል ብለዋል…»

«ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?»

«ስምንት። ከነአርዲስ ዘጠኝ።»

ዘጠኝ ሰው። ትከሻዋን ይዘው የቆዩት። ማርሊስ ስልኩን ዘጋችና ጫማዋን ሳታደርግ ወደ ባሕሩ ወረደች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት እውነት ከሆነ፣ ቨርሊን ለብቻው ሲቀዳ እሷ የት ነበረች? በየጥዋቱ እዚህ ቆማ ተመስገን ስትል፣ እዚያ ቤቷ ውስጥ መሳቢያ እየተጎተተ ነበር። ምስጋናዋን መልሳ ልትወስደው ፈለገች። ግን ከማን ትወስደዋለች? «ጌታ ሆይ፣» አለች ድምፅ አውጥታ፣ «የባሕሩን ምስጋና መልሼ አልወስድም። ባሕሩን የሠራኸው አንተ ነህ። ሌላውን ግን አላውቅም።»

ቨርሊን ከነካልሲው አሸዋው ላይ መጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ጫማዋን በእጁ ይዟል።

«የኬርቲስ አልጋ አጠገብ ምን ነበር?» አለችው ሳታየው።

«ብርጭቆ» አለ ወዲያው። «ውኃ የጠጣበት። ውኃው ደርቆ ነጭ መስመር የሠራበት።»

እሱ ያንን ክፍል አያውቀውም ብላ ነበር የምታስበው።

«እንዴት አወቅህ?»

«አንቺ አውቶቡስ ስትነጂ እገባ ነበር። አንዳንድ ቀን። እንደገባሁ እንዳታውቂ ምንጣፉን በእግሬ አስተካክዬ።»

«ብርጭቆው የት ሄደ?»

ቨርሊን ጫማዋን አገላበጠ። «እንጃ። ሳያጥቡት አይቀርም። አጥበው ከሌሎቹ ጋር ደርድረውት ይሆናል።»

ለጃኬቱ ያልመጣው እንባ ለብርጭቆው መጣ። አጎንብሳ እስኪወጣላት አለቀሰች። እጁን ሲዘረጋ ትከሻዋን አሸሸች፤ እሱም እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ተነሥቶ ግን አልሄደም።

«ስድስት ዓመት ሁለታችንም እየገባን» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ቀን እንኳ አብረን አልገባንም። ይህን ብትነግረኝ ኖሮ ቨርሊን… ይህን ብቻ ብትነግረኝ።»

«ማርሊስ፣ በደልኩሽ።»

«በድለኸኛል» አለች።

ከቀትር በኋላ ሻንጣቸውን የተከራዩት መኪና ላይ ጫኑ። በትዳራቸው ሙሉ መሪ የምትይዘው እሷ ናት፤ ቨርሊን አጠገቧ ተቀምጦ ካርታ ያነባል። ዛሬ ግን ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣለት ከኋላ ገባች።

«ወደፊት አትመጪም?»

«ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ።»

እንደ ጀማሪ ነዳ። መንገድ የሚያቋርጡትን ዶሮዎች እያሳለፈ፣ በፊቱ ባለው መስታወት እሷን ሰረቅ አድርጎ እያየ። አውሮፕላን ማረፊያው ሊደርሱ ሲሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰኞ ፈቃድ ልጠይቅልሽ? አንድ ሁለት ቀን ብታርፊ…»

ማርሊስ ስለ ሰኞ እያሰበች ነበር። ሦስተኛው ፌርማታ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ረጅሟ ልጅ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ትቆማለች። እሷ በሩን ትከፍታለች፤ ልጅቷም ምንም ሳታውቅ «ደህና አደሩ» ብላ ትወጣለች።

«አይሆንም» አለች። «መጋቢት ገና ብርድ ነው። ልጅቷ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች።»

ቨርሊን ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ እንደሄዱ እሷው ቀጠለች።

«እጅጌው ይረዝምባታል። አንድ ጊዜ እጥፍ ብታደርገው ይበቃታል። ንፋስ ግን አያስገባም፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መንገዱ እስኪታጠፍ ባሕሩን ታይ ነበር።