አራሷ እፉኝት

ማንኩሳ ላይ ያምሮትን የማያውቃት የለም። በአጨዳ ወንድ ታስንቃለች፤ ቀልድ ከጀመረች መመለሻ የላትም፤ በቆሎዋ ከእኔ በቆሎ እንደሚበልጥ በየገበያው ታወራለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መውለድ። ደጀኔን ካገባች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ በየሦስት ወሩ ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ የወሊድ መከላከያ መርፌዋን ትወጋለች። ደጀኔ ልጅ መመኘቱ ከዓይኑ ይነበባል፤ አፉን ግን አይከፍትም።

ፍርሃቱን የሰጠናት እኛው ነን። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞተች። እፉኝት ደግሞ ልጆቿ ሆዷን ቀደው፣ እሷን ገድለው ነው የሚወለዱት ይባላል በአገራችን። እናም ያምሮት ገና ነፍስ ሳታውቅ "የእፉኝት ልጅ" ተባለች። መጀመሪያ ያሏት አባቷ አያ ገነነ ናቸው፣ በሐዘናቸው ሰሞን። እኔ ጎረቤታቸውም ብያታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት የአያ ገነነን የፈረሰ ካብ ልንጠግን እሳቸው፣ ያምሮትና እኔ ሦስታችን ወጣን። ያምሮት አንድ ሰፊ ድንጋይ ስትገለብጥ "እፍፍፍ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እፉኝት! ክንድ የምታህል፣ ወፍራም፣ መልኳ ከደረቅ ሣር የማይለይ። ዘለን ወደ ኋላ አልን። እፉኝት ሰው አታሳድድም፤ አድፍጣ ተኝታ አይጥ የምትጠብቅ ሰነፍ ናት፤ የረገጣት ግን ወዮለት። ይህችኛዋ ለመሸሽ እንኳ አልሞከረችም። ምክንያቱን ወዲያው አየነው። ከጅራቷ በኩል ስስ ሽፋን የለበሰ ነገር ወጣ፤ ሽፋኑ ተቀደደና ስንዝር የምታህል እፉኝት ተጥመለመለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ሃያ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ልጆቿም ከተወለዱባት ደቂቃ ጀምሮ መርዝ አላቸውና ራቅ ብለን ቆምን።

ያምሮት የምታየው የእናቲቱን ሆድ ብቻ ነበር። አልተቀደደም። እናቲቱ ጥቂት አረፈችና ቀስ እያለች ወደ ቁጥቋጦው መጎተት ጀመረች።

አያ ገነነ ዱላቸውን አነሱ።

"አባ፣ ይተዉዋት!" አለች ያምሮት ክንዳቸውን ይዛ። "አራስ እኮ ናት!"

ዱላው እንደተነሣ ቀረ። እፉኝቷ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ካቡ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"እናትሽን አንቺ አልገደልሻትም፣ ልጄ" አሉ። "ደም ሲፈሳት ቃሬዛ የሚሸከም ሰው መጥራት ሲገባኝ፣ አሁን ይሻላታል፣ አሁን ይሻላታል እያልኩ ዘገየሁ። የራሴን ጥፋት ባንቺ ላይ ጫንኩት።"

ያምሮት ካቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እንግዲያው እኔስ ብወልድ?" አለች በመጨረሻ፤ እንደዚያ ፈርታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

"ውለጂ! ምጥሽ የመጣ ለት ቃሬዛሽን ከፊት የምይዘው እኔ ነኝ።"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "አባ፣ አሁን እኮ አምቡላንስ አለ።"

"ይኑር! እኔም አለሁ።"