የጓሮዬ ሰማይና የእህቴ ገብስ

ደብረ ታቦር፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ በአራት እግር የቆመች ነጭ የእንጨት ሳጥን አለች። ጎንና ጎኗ አየር እንዲያስገባ ክፍት ክፍት ነው፤ ውስጧ ሙቀት መለኪያ ተሰቅሏል። አጠገቧ የዝናብ መለኪያ፣ ከበላይዋ ደግሞ ከአሮጌ ቆርቆሮ ቀርጬ የሠራሁት የነፋስ አመልካች አለ። ጎረቤቶቼ ሳጥኗን ቀፎ ነው የሚሏት። «መምህር፣ ንቡ ገባልዎ ወይ?» ይሉኛል ባለፉ ባገደሙ ቁጥር። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር፤ በኋላ መመለሱንም ተውኩት። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ሰማይ በገዛ ጓሮዬ ስለካ ማንንም አላስፈቅድም።

ሳሎን ግድግዳ ላይ የአየር ግፊት መለኪያ አለኝ። በእኛ አገር ጠባይዋ የታወቀ ነው፤ ጠቋሚዋ ረፋድ ላይ ከፍ ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ትላለች፣ በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ዓመት ግን በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከፍ ሳትል ቀረች። ወጥቼ ሣሩን አየሁ። በኅዳር አመዳይ ነጭ አልብሶት ማደር ነበረበት፤ እርጥብ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ነፋሱም ምሥራቁን ትቶ ከጣና በኩል ይነፍሳል። በጉና ተራራ ሥር ገብስ ደርቆ ማጭድ የሚጠብቅበት ሰሞን ነው፣ የእህቴም ገብስ እዚያው ነው።

እህቴ ታላቄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ በሬ ነው፤ እሱንም ከአንድ ጎረቤቷ ሽማግሌ በሬ ጋር አቀናጅታ ታርሳለች። ያ መቀናጆ ከቀረ መሬቷ ጦም ያድራል። «ገብስ ቢጠፋ ጎረቤት ይለመናል፤ ጎረቤት ቢጠፋስ ማን ይለመናል?» ትል ነበር።

ደወልኩላት።

«እታለም፣ ነገ ኃይለኛ ዝናብ አለ። ገብሱን አንሱት።»

«ነገኮ ሚካኤል ነው። ደቦውም የተጠራ ለማግስቱ ነው።»

«ሚካኤል መሆኑን መች አጣሁት!» ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ ግን አላስቀምጥ አለኝ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ ስደርስ ጀምበር ዘቅዝቃ ነበር።

የአገሩን ሕግ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። በዓል የሻረ በረዶ ይጠራል። በረዶው ሲመጣ ደግሞ የሻሪውን ማሳ ለይቶ አይመታም፤ አገር ምድሩን ነው የሚያወድመው። አንዱ ባጠፋ ሁሉም በየማሳው ይቀጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ በበዓል ቀን ሰው የሚጠብቀው ራሱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ጭምር ነው።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለተሰበሰበው ሰው ተናገርኩ። «ማታ ሳይደርስ ይዘንባል። አባ ይፍቱንና ዛሬ እንጨድ» አልኩ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። የመለሱልኝ ባለበሬው ሽማግሌ ናቸው።

«መምህር፣ እርስዎ ሰማዩን በሳጥን ያዩታል። እኛ ባለቤቱን እናውቀዋለን። በሚካኤል ማጭድ አናነሳም።»

ሰማዩ በዚያ ሰዓት ጥርት ብሎ ነበር። አንዳንዱ ሳቀብኝ።

ከእህቴ ጋር ወደ ቤቷ ተመለስን። እንደገባን ከግድግዳው ላይ ማጭዱን አወረደችና ሌላውን ለኔ ሰጠችኝ። ለምን እንዳመነችኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

እጄ የለመደው ጠመኔ ነው፤ ማጭድ ከያዘ ዘመን አልፎታል። እሷ እያጨደች፣ እኔ ነዶውን እያሰርኩ ወደ ደጇ ማመላለስ ያዝን። ሰው በየድንበሩ እየመጣ ቆመ፤ የሚጮህም የሚሳደብም የለም። ሽማግሌው ብቻ በትራቸውን ተደግፈው «አንቺ ሴት፣ ኋላ እንዳታለቅሺ» አሉ። እህቴ ቀና አላለችም፤ ላብ ይሁን እንባ እንጃ፣ ፊቷ ረጥቦ ነበር።

ቀኑ እኩል ሲሆን ደመናው ከጣና በኩል ብቅ አለ። ደስ አለኝ። «አላልኳችሁም?» ልል ስል ሌላው ነገር ታየኝ። ባይዘንብ እህቴ በዓሉን በከንቱ ሻረች። ቢዘንብ፣ በተለይ በረዶ ቢሆን፣ እሷ ጠራችው። ይኼን ሁሉ ቀን ሳላስበው መዋሌ አንገበገበኝ። ነዶ እየተሸከምኩ አንዴ እንዲዘንብ፣ አንዴ እንዳይዘንብ እጸልይ ነበር። በመጨረሻ ልመናዬ አንድ ሆነ፤ ዝናብ ይሁን፣ በረዶ ግን አይሁን።

ክምሩን በላስቲክ ሸፍነን ሳንጨርስ የቤቷ ቆርቆሮ ጠጠር እንደተበተነበት ጮኸ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ገብተን ቆምን፤ በጩኸቱ መደማመጥ አልተቻለም። ሲያባራ አገሩ ነጭ ሆኗል። የጎረቤቶቿ ገብስ ከብት እንደተኛበት ሣር ተዘርሯል፤ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ረግፏል። የእህቴ ክምር ደረቅ ነበር። አፈርኩበት።

ሰዉ በየማሳው ቆሞ ወደኛ ክምር ያያል። እህቴም እነሱን ታያለች።

«መሣሪያህ ይኼን አላሳየህም?» አለችኝ። ስለ በረዶው እንዳልጠየቀችኝ ገባኝ።

ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ቢሰድቧት በወደድኩ። ነዶውን እንካፈል ብላ በየቤቱ ሄደች። «እግዜር ይስጥልሽ፣ ለራስሽ ያብቃቃሽ» ብለው መለሷት። ለውቂያው የመጣ ደቦ የለም፤ እኔና እሷ በአንድ በሬ አበራየነው። ንስሐ ገባች፤ አባ ፈቷት። ሽማግሌው ግን በሬአቸውን ከሌላ ጋር አቀናጁ፤ እሷ ከሩቅ ዘመድ በሬ ለምና፣ አገሩ ካረሰ በኋላ አረሰች። በነሱ ተናደድኩ፤ በራሴ ይበልጥ ተናደድኩ። ጠዋት ጠዋት ግን ወደ ሳጥኔ መውጣቱን አልተውኩም፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

በዓመቱ፣ ገብሱ እንደገና ሲደርስ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠቋሚዋ እንደገና ሳትነሳ ቀረች። ስልኩን ብዙ ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ኋላ ደወልኩ።

«ነገ ይዘንባል» አልኳት።

 «ለሰው ነግረሃል?» አለችኝ።

«ለማን ልንገር? ዛሬም ነገም ሰንበት ነው፤ ማን ይሰማኛል?»

«እንግዲያ እኔም አልሰማሁም።»

«እህልሽ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ወንድም ዓለም፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ገብስ ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁት። አንቆኛል።»

ከእሑድ ቀትር እስከ ሰኞ ጠዋት ዘነበ። የዝናብ መለኪያዬን ሞልቶ አገኘሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልለካ ደፋሁት። ያኔውኑ ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ይንጫጫል።

«ገብሱስ?»

«ተኝቷል። የሁላችንም ተኝቷል» አለች። ድምፅዋ ቀሎ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትናገር አልሰማኋትም። «የወደቀውን በደቦ ልንለቅም ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ ቆይ እደውልልሃለሁ።»

ከኋላዋ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ነይ እንጂ! ካንቺ ማሳ ነው የምንጀምር፤ አንቺን ነው የምንጠብቅ» ይሏታል።

ስልኩ ተዘጋ። እህቴ እህሏን አጥታ ስትደሰት ሰማሁ፤ እኔ ግን አብሬያት መደሰት እስከ ዛሬ አቅቶኛል።