ለነፍሰ ገዳዩ ያዋስኩት ቃል

ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ደራሲ ቤት ሆም ኬር እሠራ ነበር። የሚጽፈው ወንጀል ነው፤ አስከሬን፣ መርማሪ፣ ሽጉጥ። ዳሌውን ኦፕራሲዮን ካደረገ ወዲህ የማጥበውም የማለብሰውም እኔ ነኝ። ወሬ ይወዳል። አንድ ቀን ስለ ወንድሜ ጠየቀኝና ነገርኩት፤ ታክሲ ሲነዳ በረዶ አንሸራቶት ሃይዌይ ላይ እንደሞተ፣ ጥርሱ ፍንጭት እንደነበር፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሳምቡሳ ደርድሮ እየበላ ድራይቭ ያደርግ እንደነበር። አለቀስኩ። ሶፍት አቀበለኝ።

በዓመቱ መጽሐፍ አወጣ። ፍንጭቱ አለ፣ ሳምቡሳው አለ፣ ታክሲው አለ። ወንድሜ ግን ዕፅ አመላላሽ ሆኖ፣ የገዛ ጓደኞቹ ገድለውት የታክሲው ትራንክ ውስጥ ተገኘ። እዚሁ የተወለደችው የአክስቴ ልጅ አንብባ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ለእናቴ ነገረቻት።

«ልጄ ሀሺሽ ይሸጥ ነበር እንዴ?» ብላ እናቴ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን! ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰው ሳያያት ከኋላ ቆማ መውጣት ጀመረች።

ሥራውን አልለቀቅሁም። ሽማግሌ አንቱ ይባላል፤ እኔ ግን በሆዴ አንተ አልኩትና ጠበቅሁ።

ራሱ መጣልኝ። «አዲሱ መጽሐፌ ላይ ኢትዮጵያዊ ነፍሰ ገዳይ አለ። ሽጉጡን መርማሪው አፍ ውስጥ ከትቶ በቋንቋችሁ አንድ ነገር ይበል። አጭር፣ ሞት ያለበት።»

«በሞቴ፣ አፈር ስሆን» አልኩት።

«ቃል በቃል ምንድን ነው?»

«ሞት አለበት። አፈርም አለበት።»

አልዋሸሁም። ደስ ብሎት እጁን አፋተገ። «ለስለስ አድርገው ይበሉት» እያልኩ ራሴ አስጠናሁት።

መጽሐፉ ሲመረቅ ከሰፈራችን ከብሩክሊን ፓርክ አበሻውን በሁለት መኪና አስጭኜ ሄድኩ። እናቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሊያነብልን ያችኑ ገጽ መረጠ። ሽጉጡ አፍ ውስጥ ገባ፤ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን!» አለ።

«ጉረስ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሃል!» አለ ከኋላ የወንድሜ ጓደኛ።

«አንድ ያጣላል፣ ድገመው!» አለች ሌላዋ።

አበሻው በሳቅ ፈነዳ። እናቴ እንኳን እጇን አፏ ላይ ጭና ትንፈቀፈቃለች።

ሽማግሌው ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ መጣ። «ምን ብዬ ነው?»

«እባክህ ብላልኝ ብለህ ለመንክ።»

«በሚቀጥለው እትም አስተካክለዋለሁ።»

«ወንድሜንስ?»

«እሱማ ፈጠራ ነው» አለ፣ አይኔን ሳያይ።

የቤቱን ቁልፍ መጽሐፉ ላይ ጣልኩለት። «እንግዲያው ነገ የሚያጥብህን ፍጠር» አልኩት።