የሙሄ አንዱ መስኮት

ፎቶ አንሺው ሙሄ ሰው ሲያነሳ ከሁለቱ መስኮቶቹ አንዱን ይዘጋል። ከአንድ ጎን ብቻ የሚገባው ብርሃን የሰውየውን ግማሽ ፊት ያፈካና ግማሹን ያጨልመዋል፤ የጉንጭ አጥንቱ፣ የግንባሩ መስመር፣ ጠባሳው ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። «ወላሂ፣ በሁለት መስኮትማ ማንም ያነሳል!» እያለ ይኩራራ ነበር። የሰቆጣ ከተማም ትመሰክርለት ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የአስቻለችን ልጅ የበሪሁንን ፎቶ ነው። የልጁ ጉንጭ ላይ ያለችው ቀጭን ጠባሳ በዓይን እንኳ እምብዛም አትታይም፤ በሙሄ ፎቶ ግን በጣት የምትዳሰስ ትመስላለች። በትልቁ አጠበውና ደጃፉ ላይ ሰቀለው።

የደርግ ሰዎች ወጣቱን ማሳደድ ሲጀምሩ በሪሁን ስሙን ቀይሮ ደሃና ወረዳ ገባ። አንድ ካድሬ መጥቶ ፎቶውን ከሙሄ ደጃፍ ነቅሎ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ደሃና ገበያ ላይ ፎቶውን ከየጎረምሳው ፊት ጋር እያስተያዩ ሲፈልጉ በሪሁንን በጠባሳው ለዩት። ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

ሙሄን ማንም አልወቀሰውም። እሱ ራሱ ግን ሰው ማየት ጠላ፤ ደንበኛ ይሰድባል፣ በረባ ባልረባው ከጎረቤት ይጣላል። መስኮቱን መዝጋቱን ግን አልተወም፤ እጁ ሌላ አያውቅም።

አንድ ቀን አስቻለች ሴት ልጇን ለመታወቂያ ፎቶ ልታስነሳ ይዛ መጣች። ሙሄ ቀና ብሎ ሳያያት እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ሄደና ዘጋው። እሷም ተከትላው ሄዳ መልሳ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይህችን እንኳ እንደ ወንድሟ አታሳምርብኝ» አለችው።