የእህቴ አፍንጫ

ታላቅ እህቴ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሽታ መርማሪ ናት። ከበርሜሉ የተጨለፈውን ትኩስ ሳሙና ታሸትታለች፤ ዘይቱ ከርፍቶ ከሆነ ወይም ሽቶው ከበዛ ታስቀረዋለች፤ እሷ ሳታሳልፈው ወደ መቁረጫው አይሄድም። ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ትኮራበታለች!

ይህንኑ አፍንጫ ነው እንግዲህ በንጽህና ልትገድለው የነበረው። ማታ ማታ ጥጥ በሳሙና ነክራ ውስጡን ፈግፍጋ ታጥበዋለች። ከእሷ በፊት የነበረችው መርማሪም እንዲሁ ታደርግ ነበር አሉ። «ኧረ በፈጠረሽ ተይ!» ስላት፣ «አንቺ ደግሞ! ስለ ሳሙና እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ። ድርቅናዋ አይጣል ነው።

አንድ ሰሞን አፍንጫዋ ደማ፣ አበጠ፣ ትኩሳት ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት ሽታ የሚባል ነገር ጠፋ። የከረፋ ዘይት ሳታውቅ አሳልፋ አንድ በርሜል ሳሙና ተደፋ። ኃላፊው፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለሽ ማሸጊያ ክፍል ትገቢያለሽ» አላት። ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው።

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

«ንፍጥ እኮ ቆሻሻ አይደለም» አለቻት ሐኪሟ። «ከሥሩ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ በሽታ ተከላካይ ሴሎች አሉ። እነሱ የሚያመነጩት ነገር ከንፍጡ ጋር ተቀላቅሎ ጀርሙን ይይዘዋል፣ ሰውነት ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። እርስዎ በየማታው ያንን አጥበው ያወጣሉ፣ ሽፋኑንም ይልጣሉ። ጀርሙ በቁስሉ ገባ። ያ እብጠት ሴሎቹ ተሰብስበው ሲዋጉ የመጣ ነው።»

«ማሽተቴስ?» አለች እህቴ።

«አይንኩት፤ ሽፋኑ ራሱን ይጠግናል። ማሽተትዎ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ጥጡን ሰብስቤ ጣልኩት። እሷ ጠዋት ጠዋት ሳሙና ታሸትታለች፣ ምንም፤ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ወሩ ሊያልቅ ደረሰ። እኔም ፈራሁ።

አንድ ከሰዓት እሷ ጓዳ ጋደም ብላለች፣ እኔ ሳሎን አዲሱን ቀሚሴን እየተኮስኩ ከጎረቤት ጋር በስልክ ወሬ ይዣለሁ።

«አንቺ! ምን እያቃጠልሽ ነው?» ብላ ጮኸች።

ካውያውን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። «ሸተተሽ? ምን ሸተተሽ? ንገሪኝ!»

ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች።

«ጨርቅ ነው» አለች። «ንጹህ ጥጥ ነው ብለው ነው የሸጡልሽ? ናይለን አለበት።»

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ቀሚሱ ይንደድ!