ጉሬዛ የለም የተባለበት ደን

ሰሞኑን ቴሌቪዥኑ ለመጥፋት ስለተቃረቡ የዱር እንስሳት አዲስ ዕቅድ ሲያወራ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተም የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሠርተህ የለ? ምን አዳንክ?» ሳል ያዘኝ።

ወጣት ሳለሁ ቢቸና ነበር የምሠራው፤ ሪፖርት ጸሐፊ ነበርኩ። ከእንስሳት ወገን በደንብ የማውቀው ዶሮን ነው፤ እሷንም በወጥ። አንድ ጥቅምት ኃላፊዬ «ሞጣ አካባቢ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደን እይ። ጉሬዛ ካለበት ጽፈህ አምጣ፤ እንከልለዋለን» ብለው ላኩኝ። መንገዱ ከክረምቱ ጭቃ ገና አልተላቀቀም። አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር እየተላተምኩ ደረስኩ።

እሑድ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት አስገቡኝ። እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም። ዳቦውን በጠላ ካወራረድኩ በኋላ ግን ሰዉ ሁሉ የመጣሁበትን ጠየቀኝ። ስለ ጉሬዛ አነሣሁ።

«የለም» አሉ የደብሩ አለቃ።

«ድሮስ?»

«ድሮም የለም።»

ወዲያው ከደጅ፣ ከጥዱ ላይ፣ የጉሬዛ ጩኸት አስተጋባ።

«ይሄስ?»

«ነፋስ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን እየተጎነጩ።

ቆዳውን እየሸጡት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እነሱ ደግሞ የባሰ ጠርጥረውኛል።

«ስማ ልጄ» አሉ አለቃው፣ «ከወንዙ ማዶ ያሉት ድኩላ አለን ብለው አስጻፉ። በዓመቱ ግጦሻቸው ታጠረ። ይህ ደን ከታጠረ ሙታናችንን የት እንቀብራለን?»

«ለጥበቃ እኮ ነው፣ አባ!»

«ጥበቃውንማ እናውቅበታለን። ዛፉንም አውሬውንም የነካ የተገዘተ ነው።» መስቀላቸውን አወጡ። «አንተም ብትጽፍ ገዝቼሃለሁ!»

ማስታወሻዬን አጠፍኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ብሆንም የእናቴ ልጅ ነኝ።

ቢቸና ስመለስ ኃላፊዬ «እሽ፣ አለ?» አሉኝ።

«ተገዝቻለሁ ጌታዬ፤ አልጽፍም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸውና እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«በቃል ነው በመስቀል?»

«በመስቀል።»

«ታዲያ እኔ አስጽፌህ ግዝቱ ለእኔ ይትረፍ? ሂድ ከፊቴ!»

በሪፖርቱ ላይ ስለ ደኑ «ጥናቱ በመካሄድ ላይ ነው» ተባለ። እኔ መሥሪያ ቤቱን እስክለቅ ድረስ ጥናቱ ሲካሄድ ኖረ።

ባለፈው ወር ለለቅሶ ሞጣ ሄጄ በዚያ ደን በኩል አለፍኩ። ጥላው ከድሮው ይልቅ ከብዷል። አንገቴን አቅንቼ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ስቃኝ አንዲት እማሆይ መጥተው በእኔና በዛፉ መካከል ቆሙ።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?»

«ምንም፣ እማሆይ። አላፊ ነኝ።»

አላመኑኝም። ዛሬ ዕቅድ አውጣ ብባል አንድ መስመር ይበቃኛል፦ ደኑን እኔን ከመሰለ ሰው ጠብቁት። እማሆይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኙኝ፤ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ።